እናቴን ይዤ ኦካያማ ልሄድ ነው፤ ኮራኩኤን ይሻላል ወይስ ባሕር ተሻግረን ሪትሱሪን?

የቀበና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ ጃፓን ውስጥ ኦካያማ ከተማ ትማራለች። ኅዳር አጋማሽ ካለፈ በኋላ እማዬን ይዤ ልጠይቃት ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል፣ ተመስገን ነው። እስከ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር መንገዳችን፣ ከዚያ ቶኪዮ ገብተን ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አፈር ስትኮተኩት የኖረች ሴት ናት። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ግን ከበር እስከ ጓሮ በጣሳ ሳይቀር ተክላበታለች። ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ያላት ሁሉ። እህቴ አምና የጃፓን የአትክልት ስፍራ ፎቶ ስትልክላት ስልኩን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች። «እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ ብጠጣ ሌላ ምንም አላይም» ነው ያለችው። ስለዚህ ለኔ የጉዞው ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።

ችግሩ እህቴ ከላብራቶሪ አትወጣም። ሦስታችን አብረን የምንውልበት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው ያለን። እዚያው ኦካያማ ኮራኩኤን የሚባለው የአትክልት ስፍራ አለ፣ ስሙ ትልቅ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ታካማትሱ ላይ ደግሞ ሪትሱሪን አለ፣ ፎቶው ላይ የሻይ ቤቱ ኩሬው ዳር ነው ያለው። ሁለቱንም ያየ ሰው ካለ የትኛው እንደሚሻል ይንገረኝ።

የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ ጉልበቷ ያማታል፣ የሻይ ቤት ውስጥ መሬት ላይ መቀመጥ ግድ ነው ወይ? ሁለተኛ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እማዬ ደግሞ መንገደኛ ነኝ ብላ የምትፈታ ሴት አይደለችም። ከሻዩ ጋር የሚቀርበው ጣፋጭ ከምን ነው የሚሠራው? ሦስተኛ፣ ሥርዓቱን አናውቅም። ሰው ቤት ገብቶ አጉል ነገር መሥራት አልፈልግም።

ታካማትሱ ሦስት ዓመት፦

እህቴ፣ ሳታመነቺ ሪትሱሪን ውሰጃቸው። ታካማትሱ ሦስት ዓመት ነው የተማርኩት። የዓመት መግቢያ ትኬት አውጥቼ ሲከፋኝም ደስ ሲለኝም እዚያ ነበርኩ።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገርሽ። ከኦካያማ ማሪን ላይነር የሚባለው ባቡር 55 ደቂቃ ያህል ነው። ሴቶ የሚባለውን የባሕር ድልድይ ነው የምትሻገሩት፣ በ1988 የተከፈተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። መኪናው ከላይ ይሄዳል፣ ባቡሩ ከታች። ከሥራችሁ ባሕር፣ በየቦታው ትንንሽ ደሴት። እናትሽን መስኮት በኩል አስቀምጫቸው።

ስፍራው ከ1620ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ነው። ኢኮማ የሚባሉት የአካባቢው ገዢዎች ጀመሩት፣ በ1642 የማትሱዳይራ ቤተሰብ አገሩን ሲረከብ እሱንም ተረከበ፣ በ1745 ነው ተፈጸመ የተባለው። ከመቶ ዓመት በላይ አባት የተወውን ልጅ እያነሳ፣ ልጅ የተወውን የልጅ ልጅ እያነሳ ማለት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1875 ነው። ስድስት ኩሬ እና በሰው እጅ የተከመሩ አሥራ ሦስት ኮረብታዎች አሉት። ከበስተጀርባ ሺዩን የሚባል በጥድ የተሸፈነ ተራራ አለ። ተራራውን ማንም አልሠራውም፣ ግን ሲተክሉ እሱንም አስበው ስለተከሉ አትክልቱ እዚያ ድረስ የቀጠለ ይመስላል። ከተማ መሃል መሆንሽን ትረሺዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሻይ ቤቱ ኪኩጌትሱ-ቴይ ይባላል። ስሙ የመጣው ከጥንት የቻይና ግጥም ነው፣ ውሃ ስትጨልፊ ጨረቃዋ እጅሽ ላይ ትሆናለች የሚል ስንኝ አለው። ገዢዎቹ ራሳቸው ትልቁ የሻይ ቤት እያሉ ይጠሩት ነበር። ከእንጨት የተሠራ ሰፊ ቤት ነው፣ ኩሬው ዳር፣ ተንሸራታች በሮቹ ሲከፈቱ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ፊቱ የትኛው ነው ብለሽ ብትጠይቂ አራቱም ጎን ፊት ነው ይሉሻል። በአንዱ በኩል ውሃ፣ በሌላው ድንጋይና ጥድ፣ ዞር ስትዪ ደግሞ ሌላ። ታታሚው ላይ፣ ማለትም ወለሉን በሸፈነው የሣር ምንጣፍ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ማቻ የሚባለውን አረንጓዴ ሻይ በጎድጓዳ ሳህን ያመጡልሻል፣ ከዚያ ማንም አያስነሳሽም። እናትሽ በቃላቸው የተመኙት ይሄንኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ በጠዋት ግቡ። አትክልቱ ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚከፈተው። የሻይ ቤቱ ግን በኛ ሰዓት ጠዋት 3 ላይ ነው የሚጀምረው። ቀድማችሁ ግቡና ቀስ ብላችሁ ዞራችሁ፣ ልክ ሲከፍቱ ቁጭ በሉ። ያኔ ቤቱ ባዶ ነው፣ ኩሬው ላይም ንፋስ የለም።

ኦካያማ ነዋሪ፦

ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ሪትሱሪንን እኔም እወደዋለሁ። ግን የ68 ዓመት ሴት፣ የታመመ ጉልበት፣ ከረጅም በረራ በኋላ። እስቲ እሱንም አስቡ።

ኮራኩኤን ከኦካያማ ጣቢያ በትራምና በእግር ትንሽ መንገድ ነው። ኢኬዳ ትሱናማሳ የሚባል ገዢ በ1687 አስጀምሮ በ1700 ነው ያለቀው። ከሌሎቹ የሚለየው ሜዳው ነው፣ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ሰማዩ ሁሉ ይታያል። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ዳገት የፈለገ ብቻ ነው ኮረብታዋን የሚወጣው። ከወንዙ ማዶ ጥቁሩ የኦካያማ ግንብ ይታያል። ውስጡ ትንሽ የሻይ ቅጠል ማሳ እንኳ አለ፣ የሩዝ ማሳም አለ። አትክልተኛ እናት ይህን ብታይ ደስ አይላትም?

ደግሞ ሪዩተን የሚባል ቤት አለ። እኔ ጃፓን ካየሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ምድር ቤቱ ክፍት ነው፣ መሃሉን ቦይ ያቋርጠዋል፣ ቦዩ ውስጥ ስድስት የሚያማምሩ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ጫማሽን አውልቀሽ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ትቀመጫለሽ፣ እግርሽን ወደ ታች ለቀሽ፣ ውሃው ከሥርሽ ያልፋል። ጉልበት መታጠፍ የለበትም። ማንም ምንም አይሸጥልሽም፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ይህ ስፍራ በ1934 ጎርፍ፣ በ1945 ደግሞ የጦርነቱ ቦምብ ጎድቶታል። የጥንቱ ሥዕሎችና መዛግብት ስለነበሩ እንደነበረው አድርገው መለሱት። ያንን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፣ ሰው የፈረሰ ነገሩን በሥዕል እያየ መልሶ ሲተክል።

ወለተ ማርያም፦

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስልሽ፣ ኪዮቶ ሁለት ዓመት ስኖር ሁሉንም ጾም ጾሜያለሁና።

ማቻው ራሱ ችግር የለበትም። የሻይ ቅጠል ዱቄትና ሙቅ ውሃ ነው፣ ስኳርም ወተትም የለውም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ማቻ ላቴ ሌላ ነው፣ እሱ ወተት ነው። ከሻዩ ጋር የሚመጣው ባህላዊ ጣፋጭ አብዛኛውን ጊዜ ከቀይ ባቄላ ተፈጭቶ በስኳር የተሠራ ነው፣ ወይ ከሩዝ ዱቄት፣ ወይ ከባሕር ሣር የሚወጣ እንደ ጄሊ ያለ ነገር። ቅቤ የሚባል አያውቀውም። ግን አንዳንዱ እንቁላል አለው፣ ለምሳሌ ዶራያኪ እና ካስቴላ። ስለዚህ እህትሽ «ታማጎ» ማለትም እንቁላል አለው ወይ ብላ አስቀድማ ትጠይቅ። አያፍሩባትም፣ በደንብ አጣርተው ነው የሚመልሱት።

የሚያስቸግረው ምሳ ነው። ታካማትሱ ከሄዳችሁ ሰው ሁሉ ኡዶን የሚባለውን እንደ ፓስታ ያለ ወፍራም የስንዴ ምግብ ብሉ ይላችኋል፣ አገሩ በሱ ነው የሚታወቀው። ኡዶኑ ራሱ ዱቄት፣ ጨውና ውሃ ነው። መረቁ ግን ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ነው የሚወጣው፣ ማጥቀሻውም እንደዚያው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም፣ እናትሽ ካልበሉ አይበሉም። ያለ መረቅ በአኩሪ አተር ሶስ ብቻ የሚቀርብ አለ፣ ኪጆዩ ይባላል፣ ሶሱ ውስጥ መረቅ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ካልሆነ እንደኔ በሶ ጭብጦ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከአዲስ አበባ በሶ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

የቀበና ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወለተ ማርያም፣ የበሶውን ነገር ለእማዬ ነገርኳት፣ ወዲያው ገብስ ልታስቆላ ተነሳች።

ኦካያማ ነዋሪ፣ ጉልበቷን አስበህልኝ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ግን ልቤ ወደ ሻይ ቤቱ አዘንብሏል። እዚያ ወንበር አለ ወይ? እንደ ጃፓኖቹ ተንበርክካ መቀመጥ በፍጹም አትችልም።

ታካማትሱ ሦስት ዓመት፦

መንበርከክ ግድ አይደለም። ያ ለሥርዓቱ ለተማሩት ነው። እዚያ የጃፓን ሽማግሌዎች ራሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ሴት ከሆነች እግር ወደ ጎን አጥፎ መቀመጥም የተለመደ ነው። ያም ካቃታቸው የቤቱ ጠርዝ ላይ፣ በረንዳው እንጨት ላይ፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አድርገው ማረፍ ይችሉ እንደሆነ ገና ስትገቡ ጠይቁ። ጉልበታቸውን እየጠቆማችሁ «ሂዛ» ብትሉ ይገባቸዋል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ጫማ ከበሩ ይወልቃል። ወፍራም ካልሲ ይልበሱ፣ በኅዳር ታታሚው ይቀዘቅዛል፣ በሮቹም ክፍት ናቸው። ጣፋጩን መጀመሪያ ይብሉት፣ አፋቸው ውስጥ ጣፋጩ ሳይጠፋ ሻዩን ይጠጡ፣ መራራነቱ ያኔ ነው የሚጥመው። ሳህኑን ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጦ በቀኝ መደገፍ ነው። ሳህኑ ፊት አለው፣ ያማረው ጎኑ ወደ እንግዳው ዞሮ ነው የሚቀርበው። እንግዳው ደግሞ በዚያ በኩል ላለመጠጣት ትንሽ ያዞረዋል፣ አክብሮት ነው። ባታዞሩትም ማንም አይቀየምም። አንድ ሳህን ነው፣ አለቀ። አቦል እንጂ ቶና በረካ የለውም፣ እናትሽ ሁለተኛውን እንዳይጠብቁ ንገሪያቸው።

ምናልባት ጠባብ በር ያለው የሻይ ቤት ሰምታችሁ ከሆነ፣ ተጎንብሰው የሚገቡበት፣ ያ ሌላ ዓይነት ነው። ሴን ኖ ሪኪዩ የሚባለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሻይ መምህር ስሙ ከዚያ ዓይነቱ ጋር ነው የሚነሳው። ጌታም ሆነ ወታደር ሰይፉን ውጭ ትቶ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሪትሱሪን ውስጥም ትንንሾቹ አሉ። ኪኩጌትሱ-ቴይ ግን ለገዢዎች የተሠራ ሰፊ ቤት ነው፣ ቆመሽ ነው የምትገቢው።

ከጎኑ ካለው ኩሬ ላይ ደግሞ በእንጨት ጀልባ ያዞራሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከእግር ጉዞ ይሻላል። ቲኬቱን እንደደረሳችሁ ያዙ፣ ቶሎ ያልቃል።

ከዲሲ፦

እኔ የደረሰብኝን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት። ባለቤቴና እኔ ከአስጎብኚ ቡድን ጋር ነበር የሄድነው። በአንድ ቀን አራት ቦታ ተብሎ ነበር የተሸጠልን። ሪትሱሪን ስንደርስ በኛ ሰዓት 10 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆመን እንግዳ መቀበል አቁመናል አሉን፣ በጣም ዝቅ ብለው እየሰገዱ። ባለቤቴ እዚያ ቁጭ ለማለት ብላ ነበር የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ውስጡን አየችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች፣ እስካሁን ያንን ፊቷን አልረሳውም። በኅዳር ደግሞ 11 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። እህቴ፣ በዚያ ቀን ሌላ ምንም አትጨምሪ። ሁለቱን በአንድ ቀን አያለሁ ብለሽም አትሞክሪ። አንዱን።

አትክልተኛ ከለገጣፎ፦

እኔ ጃፓን ለሦስት ወር ሥልጠና ነው የሄድኩት፣ ሥራዬ ችግኝ ነው። ስለ ጥዶቹ ማንም አለመጻፉ ገረመኝ።

የሪትሱሪን ስም ቼስትነት የሚባለው፣ ፍሬው የሚበላ ዛፍ ጫካ ማለት ነው፣ ገብተሽ የምታይው ግን ጥድ ነው። ወደ 1,400 ጥድ አለ፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ሺህ ያህሉ በእጅ እየተከረከመ ቅርጽ የተሰጠው ነው። በእጅ ስል በእጅ ነው። በጸደይ አዲሱን ቡቃያ በጣት ይቀነጥቡታል፣ ከመጸው እስከ ብርዱ ወራቸው ደግሞ ያረጀውን መርፌ ቅጠል እየመዘዙ ያወጡታል። ለምን? ብርሃን ወደ ውስጠኛው ቅርንጫፍ እንዲገባ፣ ካልገባ ውስጡ ይደርቅና ዛፉ ጫፉ ላይ ብቻ ይለመልማል። የኛ ሰው አጥሩን በመቀስ ሲከረክም ውስጡ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሣጥን ጥድ የሚሉትን ተመልከቱ፣ መንገዱን ይዞ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ከውጭ ሳይሆን ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩት፣ ግንዱ እንደ እባብ ሲጠማዘዝ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

አንድ ሌላ ጥድ አለ፣ ሥሩ ከመሬት በላይ የወጣ። በ1833 ሾጉኑ፣ ማለትም የጃፓን የጦር ገዢ የነበረው ቶኩጋዋ ኢኤናሪ፣ ለታካማትሱው ገዢ ቦንሳይ የሚባለውን በሸክላ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ ሰጠው፣ ያንን መሬት ተከሉት፣ አሁን ትልቅ ዛፍ ነው። እናትሽ በጣሳ የሚተክሉ ከሆነ ይህን ሳያዩ እንዳይመለሱ።

ለውሃው ደግሞ ትኩረት ስጡ። ያ አውራጃ ዝናብ የሚያንሰው ነው፣ ገበሬው ከ10 ሺህ በላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ሠርቶ ነው የኖረው። የአትክልቱ ኩሬዎች ግን ከመሬት ውስጥ በሚፈልቅ ምንጭ ነው የሚሞሉት፣ የድሮ ወንዝ የነበረበት ቦታ ስለሆነ። ጠዋት ኩሬውን ስታዩት ታቹ የሚታየው ለዚያ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ከሄዳችሁ ያረጀውን መርፌ ሲለቅሙ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

የቀበና ልጅ፦

ተመለስን። በሰላም ሄደን በሰላም መጣን። ቃል ስለገባሁ ልጻፍላችሁ።

ሪትሱሪን ሄድን። ኦካያማ ነዋሪ፣ እንዳትቀየመኝ፣ ኮራኩኤንንም በሌላ ቀን እኔና እማዬ ብቻ ለአንድ ሰዓት ተኩል አየነው። ሪዩተን ላይ እግሯን ለቅቃ ተቀመጠች፣ አንተን መረቀች።

ሪትሱሪን በጠዋት ነው የገባነው። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ሁሉም ሳይሆን አንዳንዱ ዛፍ፣ ውሃው ላይም ይታያል። የጨረቃ ቅርጽ ያለውን ድልድይ እማዬ ክንዴን ይዛ ቀስ ብላ ተሻገረችው፣ ኮረብታዋን ግን ተወችው፣ እህቴ ብቻ ወጥታ ፎቶ አነሳችን። የሻይ ቤቱ ሲከፈት ከኛ በቀር ሁለት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ጉልበቷን ስትጠቁም ሴትየዋ ወዲያው ገባት፣ ጠርዙ ላይ ምንጣፍ አነጠፈችላት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ጣፋጩን አጣርተናል፣ እንቁላል የለውም። ሻዩን አንዴ ቀመሰችና ፊቷ ጭፍግግ አለ፣ ቆይታ ደግሞ ጨረሰችው። «እንደ ኮሶ ጀምሮ እንደ ማር ነው የሚያልቀው» አለች። ከዚያ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ምንም አላወራችም። እኔና እህቴም አላወራንም። ዓሣዎቹ ብቅ ሲሉ ውሃው ክብ ክብ ይሠራል፣ እሱን ነው የምናየው።

አትክልተኛ ከለገጣፎ፣ ያልከውን አገኘነው። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ መሰላል ላይ ሆነው መርፌ ይለቅማሉ፣ ከሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ቡናማው ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። እማዬ ቆመች። ጉልበቷን ረሳችው። አንድ ቅርንጫፍ እስኪጨርሱ አልነቃነቅም አለች። ሰውየው አዩዋት፣ ወረዱ፣ አንዲት አረንጓዴ መርፌ ቀንጥበው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት፣ በጣታቸው ለያይተው ሁለት ሁለት ሆኖ እንደሚበቅል አሳዩዋት። እህቴ ልታስተረጉም ስትል እማዬ በእጇ አቆመቻት፣ ገብቶኛል አለች። ከዚያ የራሷን ጣቶች ዘርግታ አሳየቻቸው፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ከአፈርና ከእሾህ ብዛት የተሰነጠቀውን። ሰውየው ጓንታቸውን አውልቀው የራሳቸውን አሳዩዋት።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ስትወጣ ተከትያት ወጣሁ። መቀሱን ትታዋለች። ጽጌረዳዋን ከሥር ጎንበስ ብላ እያየች የደረቀውን በጣቷ ትለቅማለች።